ጅቡ ሳይሄድ የሚጮህ አላርም፦ የመኪናዎን ሳይረንና ቲልት ሴንሰር በ9 ደረጃ ማስተካከል

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ተረቱ። የብዙዎቻችን መኪና አላርም ከዚህም ይብሳል፤ ጅብ በሌለበት ሌሊቱን ሲጮህ ያድርና ጅቡ የመጣ ዕለት ዝም ይላል። ጭነት የያዘ አይሱዙ ባጠገቡ ሲያልፍ፣ ነጎድጓድ ሲያጓራ፣ ድመት ኮፈኑ ላይ ስትዘል ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሌባ መኪናውን በክሪክ ቀስ አድርጎ አንሥቶ፣ ጎማውን ከነቸርኬው ፈትቶ፣ መኪናውን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ሲሄድ ግን ድምፁ አይሰማም። ጠዋት ባለቤቱ «አላርም አለው እኮ!» ይላል። አላርምስ አለው፤ ያስተካከለው ሰው ነው የጠፋው።

በወላይታ ሶዶ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ከተማዋ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ስለተቀመጠች ሜዳ ላይ ከሚቆመው መኪና ተዳፋት ላይ የሚቆመው አይተናነስም። «መኪናዬ ቁልቁለት ላይ ቆሞ ሲያድር ማዘንበልን የሚለካው ሴንሰር አይሳሳትም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ የሚመጣ ነው። መልሱ «አቋቋሙን ካወቁበት አይሳሳትም» ነው። ዝርዝሩ ከታች አለ። ሥራው ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው፤ ሽቦ መንካት ካልፈለጉ የመትከሉን ሥራ ለመኪና ኤሌትሪክ ባለሙያ ሰጥተው ሙከራዎቹን ራስዎ ይሥሩ።

ሁለቱ ዕቃዎች እንዴት ይሠራሉ?

ሳይረን ጯሂ ብቻ ነው፤ በራሱ የሚያውቀው ነገር የለም። የአላርሙ ዋና ሳጥን ኤሌትሪክ ሲለቅለት ይጮሃል። ተራው ሳይረን ያሉት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከተቆረጠ ወይም የመኪናው ባትሪ ከተነቀለ ዲዳ ይሆናል። የራሱ ባትሪ ያለው ሳይረን ግን በሆዱ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ባትሪ ይዟል። አላርሙ በርቶ ሳለ ኤሌትሪኩ ሲቋረጥበት መቋረጡን ራሱን እንደ ጥቃት ይቆጥርና በገዛ ጉልበቱ ይጮሃል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 116 አንዱ ጩኸት ከ25 እስከ 30 ሰከንድ እንዲቆይ፣ ድምፁም ከ118 ዲሲቤል እንዳይበልጥ ያዛል። ስለዚህ አላርም የሚገዛልዎት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ሰው ካልወጣ ጩኸቱ ከንቱ ነው።

ቲልት ሴንሰር ደግሞ ሚዛን ነው። በውስጡ የምስር ፍሬ የምታህል ቺፕ አለች። በቺፗ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰካኩ ለዓይን የማይታዩ የሲሊከን ጥርሶች አሉ፤ ገሚሶቹ በቀጭን ስፕሪንግ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። መኪናው ሲያዘነብል የመሬት ስበት የተንጠለጠሉትን ወደ አንድ ወገን ይስባቸዋል፤ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሲለወጥ ኤሌትሪኩም ይለወጣል። መኪናው በ1 ዲግሪ ሲያዘነብል ቺፗ የሚሰማት ለውጥ ከመሬት ስበት 1.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ እሱን መለየት ግን አያዳግታትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቲልት ሴንሰር የሚይዘው ጎማ ሊፈታ መኪና የሚያነሣውንና መኪናውን በክሬን ጎትቶ የሚሄደውን ነው። ስፖኪዮ የሚነጥቀውን ወይም መስታወት የሚሰብረውን አይሰማም፤ ያ የሾክ ሴንሰር ሥራ ነው። በር የሚከፍተውን የሚጠቁመው ደግሞ የበሩ ስዊች ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲገደድ ነው የሐሰት ጩኸት የሚበዛው።

የሚያስፈልግዎት

ቴስተር፣ ክሪክ፣ ማስመሪያ ወይም ሜትር፣ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ ጎማ መከልከያ ሁለት ድንጋይ፣ ለጆሮ ጥጥ፣ የአላርሙ ሪሞትና አንድ ረዳት። ቦታው ለጥ ያለና ጠንካራ መሬት ይሁን። ሙከራውን ቀን ላይ ያድርጉት፤ ለጎረቤትም አስቀድመው ይንገሩ።

ደረጃ 1፦ ያለዎትን ይቁጠሩ

አላርም ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ ቲልት ሴንሰር የለውም። በካርቶን ታሽገው ከሚሸጡት ርካሽ አላርሞች ብዙዎቹ ዋና ሳጥን፣ ሁለት ሪሞት፣ ባለሁለት ሽቦ ሳይረንና ሾክ ሴንሰር ብቻ ይዘው ነው የሚመጡት። ሻጩ «ሴንሰር አለው» ካለዎት «የቱ ሴንሰር?» ብለው ይጠይቁ። ከፋብሪካው አላርም ይዞ በመጣ መኪና ላይ ቲልት ሴንሰር መኖሩን የሚያውቁት ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ለጊዜው የሚያጠፋው ቁልፍ ዳሽቦርዱ ወይም ጣራው አካባቢ ይገኛል።

ሌላም ይዩ፤ መኪናዎ ስንት ቮልት ነው? የቤት መኪናና ሚኒባስ 12 ቮልት ናቸው። አይሱዙን የመሳሰሉ የጭነት መኪኖች ግን አብዛኞቹ 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት አላርም ቢገጠምባቸው ይቃጠላል።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ የመኪናውን ባትሪ ይለኩ

ባትሪ የደከመበት አላርም እንደታመመ ጠባቂ ነው፤ ወይ አይጮህም፣ ወይ ያለምክንያት ይጮሃል። መኪናው ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ባትሪውን በቴስተር ይለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ወይ ቻርጅ ይፈልጋል ወይ አርጅቷል።

መኪናዎን ለሳምንታት አቁመው የሚሄዱ ከሆነ ሒሳቡን ይወቁ። በርቶ የሚያድር አላርም 20 ሚሊ አምፔር ቢወስድ በቀን ግማሽ አምፔር ሰዓት ያህል ነው፤ በወር ከ14 ይበልጣል። ባትሪዎ 45 አምፔር ሰዓት ቢሆን ሲሦው በአላርም ብቻ ያልቃል ማለት ነው። በ15 ቀን አንዴ መኪናውን የሚያስነሣ ሰው ያዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ የሳይረኑን ቦታ ይምረጡ

ሌባ መጀመሪያ የሚፈልገው ሳይረኑን ነው። ኮፈን ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታይ፣ ወይም መኪናው ሥር ተኝቶ እጅ በማስገባት የሚደረስበት ሳይረን ቶሎ ጸጥ ይላል። ቦታው ሦስት ነገር ያሟላ፦

— ከጭስ መውጫውና ከራዲያተሩ የራቀ ይሁን። ሙቀት የሳይረኑን ፕላስቲክም ባትሪም ይገድላል።
— አፉ ወደታች ወይም ወደ ጎን ያዘንብል። አፉ ወደላይ የዞረ ሳይረን በክረምት ውሃ ያቁርና ድምፁ ይታፈናል።
— በብሎን ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰር። በናስትሮ ወይም በላስቲክ ማሰሪያ የታሰረ ሳይረን በአንድ ሳብ ይነቀላል።

ሽቦው ከመኪናው ከራሱ ሽቦዎች ጋር ተጠቅልሎ ይሂድ። ደማቅ ቀይ ሽቦ ብቻውን ተንጠልጥሎ ካዩ ለሌባው ምልክት ተተክሎለታል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሳይረኑ ኤሌትሪክ ሲቋረጥበት ይጮህ እንደሆነ ይፈትኑ

ይህ ሙከራ የራሱ ባትሪ ላለው ሳይረን ነው። ቁልፉ መኪናው ውስጥ እንዳይቆለፍብዎት ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት፤ አንድ መስታወትም ዝቅ ያድርጉ። ሬዲዮዎ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ኮዱን አስቀድመው ያግኙ። ጆሮዎን በጥጥ ይድፈኑ። ከዚያ፦

ሀ. ኮፈኑን ከፍተው በሮቹን ዘግተው አላርሙን ያብሩ፤ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ።
ለ. የባትሪውን ኔጋቲቭ ማሰሪያ በ10 ቁልፍ አላልተው ያንሡ።
ሐ. ሳይረኑ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጮህ አለበት። ማሰሪያውን መልሰው በሪሞት ያጥፉት።

ካልጮኸ ወይም እንደ ጫጩት ሲጥ ብሎ ከቀረ የውስጥ ባትሪው ሞቷል። እንዲህ ያለ ሳይረን ተከፍቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ ባትሪው አፍስሶ የሰርኪቱን መዳብ አረንጓዴ አድርጎት ይገኛል። አላርሙ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ከመሬት ተነሥቶ የሚጮህ ሳይረን የብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሴንሰሩን ከመውቀስዎ በፊት ሳይረኑን ያስመርምሩ።

ደረጃ 5፦ ቲልት ሴንሰሩን አጥብቀው ይትከሉ

ሴንሰሩ የሚለካው የተተከለበትን ነገር እንጂ መኪናውን አይደለም። የሚንቀጠቀጥ የዳሽቦርድ ፕላስቲክ ላይ ከተለጠፈ የሚለካው ያንኑ ፕላስቲክ ነው። ከወንበር ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለ ጠንካራ የመኪና አካል ይምረጡ፤ ብረት ላይ በብሎን ይታሰር። ላዩ ላይ ቀስት ካለው ቀስቱ መመሪያው በሚለው አቅጣጫ ይዙር፤ የተገለበጠ ሴንሰር ወደፊትና ወደኋላ ያለውን ከግራና ቀኙ ጋር ያምታታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ወንበር ሥርና መሪው አካባቢ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽቦ ካዩ አይንኩት፤ የኤርባግ ነው።

ደረጃ 6፦ ተዳፋት ላይ አቁሞ አላርም ማብራት

የሶዶ አሽከርካሪ የሚፈልገው መልስ እዚህ ነው። ቲልት ሴንሰር «ሜዳ» የሚባል ነገር አያውቅም። አላርሙን ሲያበሩ መኪናው በዚያች ሰዓት ያለበትን አቋቋም ይይዝና ያንን ዜሮ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ለውጥን ነው። መኪናው 8 ዲግሪ አዘንብሎ ቆሞ ቢያድር ግድ የለውም፤ 10 ዲግሪ ሲሆን ነው የሚጮኸው። ስለዚህ ዋናው ነገር አላርሙ ከመብራቱ በፊት መኪናው ተረጋግቶ መቆሙ ነው።

— የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሽ ያስገቡ፣ የፊት ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠምዝዙ። ፍሬኑ ላልቶ መኪናው ትንሽ ቢንሸራተት አላርሙ ይጮሃል።
— ሰዎቹ ሁሉ ይውረዱ፤ ዕቃም ይራገፍ። ከአረካ ዝንጅብል ወይም ጎዳሬ ጭኖ የመጣ ፒክአፕ ጭነቱ ሲወርድለት ኋላው ከፍ ይላል። አላርሙን አብርተው ከዚያ ጭነት ካራገፉ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም።
— በክረምት ቀይ አፈር ላይ አያቁሙ። ሌሊት ዝናብ ሲዘንብ አንዱ ጎማ ይሰምጣል። ጥሩ ሴንሰር ዝግ ያለውን ለውጥ ይታገሣል፤ ርካሹ ግን ከሌባ አይለየውም።
— አየር የሚያፈስ ጎማ ካለዎት ያስጠግኑ። ጎሚስታ ጋ መሄድ ሰንፈው ሌሊት 9 ሰዓት በሳይረን ከመንቃት ይሻላል።

ደረጃ 7፦ የክሪክ ሙከራ

የሥራው ሁሉ ፍሬ ይህ ነው፤ ሳይሠሩት አይለፉ። ራስዎን በሌባው ቦታ አስቀምጠው አላርሙ ምን ያህል ሲነሣ እንደሚጮህ በሴንቲሜትር ይወቁ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የቤት መኪና በግራና በቀኝ ጎማው መካከል 1.5 ሜትር ያህል አለው። በዚህ ስፋት አንዱን ጎን 2.6 ሴንቲሜትር ማንሣት 1 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ነው። በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ደግሞ 2.6 ሜትር ያህል ስላለ፣ ፊቱን ወይም ኋላውን 4.5 ሴንቲሜትር ማንሣት 1 ዲግሪ ይሆናል። አላርሙ ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቢጮህ መልካም ነው፤ ይህም ጎኑ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ሲነሣ ማለት ነው። ጎማ ከመሬት እንዲለቅ የመኪናው አካል ከዚህ በላይ መነሣት አለበት፤ አካሉ ሲነሣ ስፕሪንጉ እየተለቀቀ ጎማውን ወደታች ይገፋዋልና።

ሀ. መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙ። ክሪኩ ከሚገባበት ጎን በተቃራኒ ያሉትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይከልክሉ። ተዳፋት ላይ ይህን ሙከራ በፍጹም አይሞክሩት። መኪናው ሥርም ማንም አይግባ።
ለ. ክሪኩን መኪናው ላይ በተመለከተው ማንሻ ቦታ ያስገቡ፤ ክብደቱን ሳይቀበል ልክ ሲነካ ያቁሙት። የበሩን የታችኛ ጠርዝ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለኩና ይጻፉ።
ሐ. አላርሙን ያብሩና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ብዙ ሴንሰሮች አቋቋሙን ይዘው ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈልጋሉ፤ ወዲያው ክሪኩን ካዞሩ ሙከራው ይበላሻል።
መ. አሁን እንደ ሌባ፣ ዝግ ብለው ክሪኩን ያዙሩ። ረዳትዎ ፍሬቻውን ይመልከት፤ ብዙ ጊዜ ጩኸቱና ፍሬቻው አብረው ይጀምራሉ።
ሠ. በጮኸበት ቅጽበት እጅዎን ያቁሙ፤ ከፍታውን እንደገና ለክተው ልዩነቱን ይውሰዱ።

ልዩነቱ 10 ሴንቲሜትር ካለፈና ካልጮኸ ሴንሰሩ ደንቁሯል፤ ስሜቱን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት። 2 ሴንቲሜትር ሳይሞላ ከጮኸ ደግሞ ንፋስም ያስጮኸዋልና ዝቅ ያድርጉት። ከዚያ ሙከራውን በሌላው ጎን፣ ቀጥሎም ከኋላ ይድገሙት። በአንድ ጎን ብቻ የሚሠራ ሴንሰር አቅጣጫው ተሳስቷል፤ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ። የፋብሪካ አላርም ከሆነ ስሜቱን የሚቀይሩበት ቁልፍ ላይኖረው ይችላል፤ ለዚያ በኮምፒውተር የሚሠራ ባለሙያ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጉ። ሌባ የጎማውን ብሎን የሚያላላው መኪናው መሬት ላይ ሳለ፣ ከማንሣቱ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ ቲልት ሴንሰሩ ምንም አይሰማም። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ልዩ ቁልፍ የሚፈልግ አንድ ብሎን ቢጨምሩ ሴንሰሩ የማይደርስበትን ክፍተት ይደፍኑታል።

ደረጃ 8፦ ሾክ ሴንሰሩን ለብቻው ያስተካክሉ

ቲልቱን ሲጨርሱ ብቻ ወደዚህ ይምጡ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ሌሊት የጮኸው የቱ እንደሆነ አያውቅም። ብዙ ሾክ ሴንሰሮች በካቻቢቴ የሚዞር ትንሽ ብሎን አላቸው፤ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እያሉ ያዙሩት። የመኪናውን ምሰሶ በመዳፍዎ መታ ሲያደርጉ አጭር ማስጠንቀቂያ፣ በጡጫ ጎን ጠንከር ሲያደርጉት ሙሉ ጩኸት ከሰጠ ይበቃዋል። መስታወቱን አይምቱ። ከዚያ መኪናውን ወትሮ በሚያድርበት ቦታ አቁመው ከባድ መኪና ሲያልፍ ያዳምጡ። ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ሆሳዕና የሚወስደው መንገድ ዳር የሚያድር መኪና ከውስጥ ሰፈር ከሚያድረው ይልቅ ስሜቱ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። መስከረም ላይ ለጊፋታ ሰፈሩ ሲደምቅ፣ ሙዚቃው ሲጎላ፣ ሾኩን ብቻ ዝቅ አድርገው ቲልቱን እንደነበረ ይተዉት።

ደረጃ 9፦ ለ7 ሌሊት መዝገብ ይያዙ

ወረቀት አልጋዎ አጠገብ ያስቀምጡ። አላርሙ በጮኸ ቁጥር ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታና ቦታውን ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ መዝገቡ ራሱ ይነግርዎታል፦

— ዝናብና ነጎድጓድ ሲኖር ብቻ ከሆነ ሾክ ሴንሰሩ ነው።
— ካቆሙ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሆነ አላርሙን ያበሩት መኪናው ሳይረጋጋ ነው።
— ሊነጋጋ ሲልና ዘወትር በተመሳሳይ ቦታ ከሆነ መሬቱንና ጎማውን ይዩ።
— በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ሰዓት ከሆነ የበር ወይም የኮፈን ስዊች ነው፤ አቧራና ዝገት ያበላሸዋል።

ሲጮህ ምን ይደረግ?

ዘበኛውንና የቅርብ ጎረቤቶችዎን የአላርምዎን ድምፅ አንድ ቀን ያሰሟቸው፤ የማን መኪና እንደሚጮህ የማያውቅ ሰው አይወጣም። ሌሊት ሲጮህ ባዶ እጅዎን ብቻዎን አይውጡ። መብራት ያብሩ፣ በመስኮት ይመልከቱ፣ ጎረቤት ይጥሩ። የአቅራቢያዎን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ደግሞ ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

መኪናዎ ተበላሽቶ በክሬን ሲጫን፣ ወይም ጎሚስታ ጋ በክሪክ ሲነሣ ቲልት ሴንሰሩን ያጥፉት፤ ሲመለሱ ማብራቱን ግን አይርሱ። ሌባ ያላጠፋውን ሴንሰር የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ነው።

በመጨረሻም በክሪክ ሙከራው ያገኙትን ቁጥር፣ ለምሳሌ «ቀኝ ጎን 4.5፣ ግራ ጎን 5፣ ኋላ 8» ብለው ከቀኑ ጋር ጽፈው መኪናው ኪስ ውስጥ ያኑሩት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ክሪኩን አውጥተው ይድገሙት። ቁጥሩ ከተለወጠ ብሎኑ ላልቷል ወይም ሴንሰሩ ደክሟል። ያንን ሌባው ሳይሆን እርስዎ ቀድመው ይወቁት።